ትሉ፣ እባቡና ዶሮዋ፦ ቆዳና ላባ ስለ መጣል ለአንድ የኮምቦልቻ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ቦርከና ወንዝ ዳር የሚያርሱ ጠያቂ ያቀረቡት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «በአንድ ሰሞን ሦስት ነገር ገጠመኝ። በበቆሎዬ መሐል ቅጠል ውስጥ ከትሎቹ ጋር ባዶ ጭንቅላትና የተኮማተረ ልጣጭ አገኘሁ። ከጎተራው ሥር 1 ሜትር ከ30 የሚሆን የእባብ ገለፈት ወጣ። ዶሮዎቼ ደግሞ ላባቸውን አራግፈው እንቁላል አቆሙ። ጎረቤቶቼ ‹ወቅቱ ነው፣ ሁሉም ልብሱን ይቀይራል› ይሉኛል። እውነት ሦስቱም አንድ ነገር ናቸው? ትሉን አሁን ልርጭ? እባቡስ እዚያው አለ ማለት ነው?»

አንድ አይደሉም። ሦስቱም የላይ ሽፋናቸውን ይጥላሉ፤ የሚጥሉት ነገር ግን የተለያየ ነው። ትሉ የሚጥለው ሰውነቱን አቁሞ የያዘውን ውጫዊ አጽሙን ነው፤ ካልጣለው አያድግም፣ በሚጥልበት ሰዓት ደግሞ መከላከያ የለውም። እባቡ የሚጥለው የሞተ የቆዳ ንጣፍ ነው፤ ሥሩ ያለው አዲሱ ቆዳ ቀድሞ ተዘጋጅቷል፣ አጥንቱም አይነካም። የዶሮዋ ቆዳ ደግሞ እዚያው ነው፤ የረገፈው ከቆዳዋ የበቀለው ላባ ብቻ ነው። ልዩነቱን ጠንቅቆ ማወቅ የሚያስፈልገው መቼ ምን እንደሚደረግ የሚወስነው እሱ ስለሆነ ነው።

ቀን የማይሰጠው ትሉ ስለሆነ ከእሱ ልነሳ።

የነፍሳት አጽም በውጭ ነው። ሽፋኑ ካይቲን ከሚባል ጠንካራ ንጥረ ነገርና ከፕሮቲን የተሠራ ሲሆን በላዩ ስስ የሰም ንጣፍ አለው፤ የሰውነታቸው ውሃ ተንኖ እንዳያልቅ የሚጠብቀው ይህ ሰም ነው። ጡንቻቸውም የተያያዘው ከዚሁ ሽፋን ጋር ነው። ሽፋኑ አንዴ ከጠነከረ ብዙም አይለጠጥም። ስለዚህ ዕድገታቸው በደረጃ ነው፦ ይበላሉ፣ ሽፋኑ ይጠባቸዋል፣ ይጥሉታል፣ አዲሱ ሳይደርቅ ሰውነታቸውን ነፍተው ይሰፋሉ፣ ከዚያ ይጠነክራል። ሸረሪት፣ ጊንጥና መዥገርም የሚያድጉት በዚሁ መንገድ ነው። መዥገር ከእንቁላል ስትወጣ 6 እግር ኖሯት የመጀመሪያውን ሽፋኗን ስትጥል 8 የሚሆንላትም በዚሁ ሂደት ነው።

ሰው የሚያየው የመጨረሻዋን ሰዓት ነው፤ ሥራው ግን ቀደም ብሎ ይጀመራል። ትሉ በልቶ ሰውነቱ ሲወጠር ከአንጎሉ የሚመነጭ ሆርሞን በደረቱ የፊት ክፍል ያሉትን ዕጢዎች ያነቃል። ዕጢዎቹ ደግሞ ኤክዳይሶን የሚባለውን ሆርሞን ያመነጫሉ። ይህ ሆርሞን ምን ያህል በጥቂቱ እንደሚሠራ ለመገመት፣ ጀርመናውያኑ ቡተናንትና ካርልሶን እ.ኤ.አ. በ1954 ለመጀመሪያ ጊዜ አጣርተው ሲያወጡት ከ500 ኪሎ የሐር ትል ሙሽራ (ትሉ ወደ እሳት እራትነት ሲለወጥ የሚያልፍበት ደረጃ) ያገኙት 25 ሚሊግራም ብቻ ነበር። ኤክዳይሶን ሲለቀቅ ከሽፋኑ ሥር ያሉት ሕያው ሴሎች ከአሮጌው ሽፋን ይላቀቃሉ። በመሐል በተፈጠረው ክፍተት ካይቲንና ፕሮቲን የሚፈጩ ኢንዛይሞች ያሉበት ፈሳሽ ይገባል። ሴሎቹ ኢንዛይሙ እንዳይጎዳቸው አስቀድመው ስስ አዲስ ንጣፍ ይለብሳሉ፤ ከዚያ በኋላ የአሮጌው ሽፋን ውስጠኛ ክፍል ሟሙቶ ተመልሶ ወደ ሰውነት ይመጠጣል። እርስዎ ያገኙት ልጣጭ ሲነኩት የሚፈረፈረው ለዚህ ነው። የቀረው የላይኛው ስስ ክፍል ብቻ ነው፤ ሌላውን ትሉ ለአዲሱ ሽፋን አውሎታል።

ትሉ ሽፋኑን ጥሎ ትልቅ ትል ይሁን ወይስ ወደሚቀጥለው የሕይወት ደረጃ ይለፍ የሚለውን የሚወስነው ሁለተኛ ሆርሞን አለ፤ የልጅነት ሆርሞን ይባላል። እሱ በብዛት እያለ ኤክዳይሶን ቢመጣ ትሉ እንደገና ትል ሆኖ ይወጣል። ሲጠፋ ግን አፈር ውስጥ ገብቶ ወደ እሳት እራትነት ይለወጣል።

አጉሊ መነጽር ካለዎት ልጣጩን በነጭ ሳህን ላይ ጥቂት ውሃ አድርገው ያለስልሱትና በጎኖቹ በኩል ይመልከቱ። ነጫጭ ቀጫጭን ክሮች ወደ ውስጥ ገብተው ይታያሉ። እነዚህ የመተንፈሻ ቱቦዎቹ ሽፋን ናቸው። ነፍሳት የሚተነፍሱት በጎናቸው ባሉ ቀዳዳዎች ነው፤ ከቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ የሚገቡት ቱቦዎች ያው ሽፋን ስላላቸው በእያንዳንዱ ጊዜ አብረው ይመዘዛሉ። የአንጀቱ የፊትና የኋላ ክፍል ሽፋንም እንዲሁ። ከነፍሳት ብዙዎቹ በሽፋን መጣል ጊዜ የሚሞቱት ይህ መመዘዝ ሲደናቀፍ ነው፦ አየሩ እጅግ ሲደርቅ ፈሳሹ ቶሎ ይደርቅና አሮጌው ከአዲሱ ጋር ይጣበቃል፣ እግር ከአሮጌው እግር ውስጥ አልወጣ ይላል፣ አዲሱ ሽፋን በተጣመመበት ይደርቃል።

አሁን ወደ ባዶዎቹ ጭንቅላቶች። የትል ጭንቅላት ከሰውነቱ ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ እንደ ሌላው ክፍል ሊወጠር አይችልም። ሽፋኑን ከመጣሉ በፊት አዲሱ ትልቅ ጭንቅላት የሚበጀው ከአሮጌው ጀርባ፣ በአንገቱ ላይ ነው። ስለዚህ ሊጥል የተቃረበ ትል በቀላሉ ይለያል፦ ትንሽ ጥቁር ጭንቅላት ከፊት፣ ከኋላዋ ደግሞ ያበጠ የገረጣ አንገት። መብላት አቁሞ አይንቀሳቀስም፤ ብዙ ጊዜ በትንሽ ሐር ቅጠሉ ላይ ራሱን ያስራል። ከግማሽ እስከ አንድ ቀን ቆይቶ ሽፋኑ ከጭንቅላቱ ኋላ ይሰነጠቃል፣ ትሉ ወደ ፊት እየተሳበ ይወጣል፣ ልጣጩ ወደ ጅራቱ ተሰብስቦ ይቀራል። የአሮጌው ጭንቅላት ቅርፊት ብቻውን ተነጥሎ ይወድቃል፤ ያገኙት እሱን ነው። የአዲሱ ጭንቅላት ቀለም መጀመሪያ ይገረጣል፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጠቁራል።

ባዶውን ጭንቅላት አይጣሉት፤ ዕድሜ የሚነግር መረጃ ነው። በበቆሎ ላይ አሁን የሚያስቸግረን በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች ሲሆን እስኪያድግ 6 የትልነት ደረጃ ያልፋል። የጭንቅላቱ ስፋት በ1ኛው ደረጃ 0.35 ሚሊሜትር ገደማ፣ በ2ኛው 0.45፣ በ3ኛው 0.75፣ በ4ኛው 1.3፣ በ5ኛው 2፣ በ6ኛው 2.6 ነው። በተማሪ ማስመሪያ ላይ አስቀምጠው ቢያዩት ከ1 ሚሊሜትር ያነሰው ገና 3ኛ ደረጃ ወይም ከዚያ በታች የነበረው ትል የጣለው ነው። ያ ጭንቅላት የተጣለ መሆኑን አይርሱ፤ ባለቤቱ አሁን በአንድ ደረጃ ከፍ ብሏል። ትሉ መጤው ተምች መሆኑን ለማረጋገጥ የደረሱትን ትሎች ይመልከቱ፦ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የዋይ (Y) ፊደል ቅርጽ ያለው ነጣ ያለ መስመር፣ በጅራቱ አቅራቢያ ደግሞ አራት ማዕዘን የሠሩ 4 ጥቁር ነጥቦች አሉት። እነዚህ ከሌሉት አገዳ ቆርቋሪ ወይም ሌላ ተምች ሊሆን ስለሚችል ለወረዳው የግብርና ባለሙያ ያሳዩት።

ደረጃው የሚያስጨንቀው ለምንድን ነው? ትሉ በሕይወቱ ከሚበላው ቅጠል አብዛኛውን የሚበላው በመጨረሻዎቹ ሁለት ደረጃዎች ነው። በዚያ ጊዜ ደግሞ በተጠቀለለው ቅጠል ውስጥ ጠልቆ ገብቶ በራሱ ኩስ በሩን ስለሚደፍን መድኃኒት አይደርሰውም። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ደረጃ ያለው ትል ላይ የተረጨ ፍሬ ይኖረዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚረጨው በአብዛኛው ገንዘብ ማባከን ነው፣ ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። በሞቃት ቦታ ትልነቱን በ14 ቀን ገደማ ሊጨርስ ይችላል፤ በብርድ እስከ 30 ቀን ይፈጅበታል። ኮምቦልቻ ከደሴ በ25 ኪሎ ሜትር ብትርቅም ከፍታዋ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል ሙቀቷ ይበልጣል፤ ስለዚህ ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ያለ ዘመድዎ «ገና ነው» ሲል የእርስዎ ትል ቀድሞ ሊሆን ይችላል። በቆሎው ከበቀለበት ጀምሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ እየዞሩ ማየት ይበቃል።

ሌላ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሽፋኑን ሊጥል የተዘጋጀ ትል አይበላም፤ ስለዚህ ተበልቶ የሚገድል መድኃኒት በዚያ ቀን አይደርሰውም። ተረጭቶ በነጋታው ያልሞቱ ትሎች ሲታዩ «መድኃኒቱ የተበላሸ ነው» ብሎ ወዲያው ሌላ መጨመር የተለመደ ነው። 3 ቀን ይጠብቁና እንደገና ይቁጠሩ። ሉፌኑሮን፣ ቴፍሉቤንዙሮን እና ዳይፍሉቤንዙሮን የመሳሰሉት መድኃኒቶች ደግሞ ከነጭራሹ አሠራራቸው የተለየ ነው፦ ትሉ ካይቲን እንዳይሠራ ይከለክላሉ። ትሉ በዕለቱ ደህና መስሎ ይንቀሳቀሳል፤ ሽፋኑን ለመጣል ሲሞክር አዲሱ ሽፋን ስለማይጸናለት ይሞታል። ውጤታቸው ከ3 እስከ 5 ቀን ይወስዳል ማለት ነው። በ6ኛ ደረጃ ላይ ባለ ትል ላይ ከተረጩ በቆሎው ከተበላ በኋላ ነው የሚሠሩት፤ በእሳት እራቱ ላይ ደግሞ ሽፋን የመጣል ዕድሜው ስላለፈ አይገድሉትም። የሚገዙት መድኃኒት ለበቆሎ የተመዘገበ መሆኑን ከግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፣ መጠኑን ከጠርሙሱ ላይ ያንብቡ እንጂ በጎረቤት ግምት አይቀላቅሉ። እርስዎ ወንዝ ዳር ስለሆኑ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ ካይቲን የሚከለክለው መድኃኒት ተምችን ከሌላው አይለይም። በውሃ ውስጥ የሚኖሩና ዓሣ የሚመገባቸው ደቃቃ ፍጥረታትም ሽፋናቸውን እየጣሉ የሚያድጉ ስለሆኑ ይፈጃቸዋል። ከውሃው ጠርዝ ራቅ ይበሉ፣ መርጫውንም ቦርከና ውስጥ አይጠቡ።

መድኃኒት መግዛት ካልፈለጉ የኒም ፍሬ በዚሁ ሂደት ላይ ይሠራል። በፍሬው ውስጥ ያለው አዛዲራክቲን የኤክዳይሶንን ሥራ ያዛባል፤ ትሉ መብላት ይቀንሳል፣ ሽፋኑ ግማሹ ወልቆ ግማሹ ተጣብቆ ይሞታል። በጥላ የደረቀ፣ ሻጋታ የሌለው፣ ከአንድ ዓመት ያልበለጠ ፍሬ ይፈልጉ፤ ዛፉ ሙቀት ስለሚወድ ከቆላው ወገን ይቀላል። ቅርፊቱን አውጥተው ውስጡን ይውቀጡ። በ1 ሊትር ውሃ 50 ግራም ዱቄት ዘፍዝፈው ያሳድሩ፣ በጨርቅ ያጥልሉ፣ ቅጠል ላይ እንዲጣበቅ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ ያድርጉበት። ለ20 ሊትር የጀርባ መርጫ 1 ኪሎ ዱቄት ማለት ነው። ፀሐይ ቶሎ ስለምትሰብረው አመሻሽ ላይ፣ አፍንጫውን ወደ ተጠቀለለው ቅጠል አዙረው ይርጩና ከ5 እስከ 7 ቀን ውስጥ ይድገሙት። ተዘፍዝፎ ከ1 ቀን በላይ የቆየው ኃይሉ ይደክማል።

አካባቢው በ2013 መስከረምና ጥቅምት የአንበጣ መንጋ ያየ ስለሆነ ክንፍ ስላላወጣው የአንበጣ ልጅ፣ ስለ ኩብኩባው፣ ሁለት ነገር ልጨምር። የበረሃ አንበጣ ልጆች ከአፈር ሲወጡ ገና በደጃፉ ላይ አንድ ስስ ነጭ ሽፋን ይጥላሉ። በአሸዋማ መሬት ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አጠገብ የተሰበሰበ ነጭ ብናኝ መሰል ልጣጭ ካዩ እንቁላሉ የተፈለፈለበትን ቦታ አግኝተዋል፤ ኩብኩባዎቹ ከዚያ ብዙ አልራቁም፣ ወዲያው ያመልክቱ። ከዚያ በኋላ መንጋ የሚሠራው ኩብኩባ 5 ደረጃ አልፎ ክንፍ ያወጣል። የመጨረሻውን ሽፋን ሲጥል ቅርንጫፍ ወይም የሣር አገዳ ላይ ወጥቶ ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጎ ይንጠለጠላል። አየር ይውጣል፣ ደሙን ወደ ደረቱ ይገፋል፣ ሽፋኑ ከጭንቅላቱና ከደረቱ ላይ በተዘጋጀው መስመር ይሰነጠቃል። ደረቱ፣ ጭንቅላቱ፣ እግሮቹ በክብደቱ እየተጎተቱ ይወጣሉ። ከዚያ ጅራቱ ብቻ በአሮጌው ውስጥ ቀርቶ ይቆማል፤ የሚቆመው እግሮቹ እስኪጠነክሩ ነው። ጸንተው ሲያገኛቸው ወደ ላይ ተገልብጦ አገዳውን ይጨብጥና ሆዱን ያወጣል፣ ክንፎቹን ደም እየሞላ ይዘረጋል። በዚያ መሐል ነፋስ ቢጥለው ክንፉ ተጨማዶ ይደርቅና አይበርም፤ የመንጋው ጓደኞቹም ቢደርሱበት ይበሉታል። ክንፉን ካወጣ በኋላም ደህና አድርጎ ለመብረር እስከ 10 ቀን ይፈልጋል። የመከላከል ዘመቻ ሁልጊዜ በኩብኩባው ላይ የሚበረታው መሬት ላይ ስለሚገኝ ነው።

ወደ እባቡ ልለፍ።

የእባብ ቆዳ ከላይ ኬራቲን የሞላባቸው የሞቱ ሴሎች ንጣፍ አለው፤ የእኛ ጥፍርና ፀጉርም ከኬራቲን ነው። የእኛ ቆዳ በየቀኑ በማይታይ ብናኝ ይረግፋል። እባብ ግን ንጣፉን አንድ ላይ ጠብቆ በአንድ ጊዜ ይለውጣል። ሥሩ ሙሉ አዲስ ንጣፍ ይበቅላል፣ በሁለቱ መሐል ፈሳሽ ይገባል፣ በዚህ ጊዜ የቆዳው ቀለም ይደበዝዛል። ዓይኖቹም ወተት የተቀላቀለ ሰማያዊ ይሆናሉ፤ እባብ የዓይን ቆብ የለውምና ዓይኑን የሚሸፍነው ጥርት ያለ ቅርፊት የቆዳው አካል ስለሆነ ነው። ለጥቂት ቀናት በደንብ አያይም፣ አይመገብም፣ ተደብቆ ይተኛል፣ የነካውንም ፈርቶ ለመንደፍ ይቸኩላል። ከዚያ ዓይኑ ይጠራል፤ ብዙውን ጊዜ ከጠራ ከ3 ወይም ከ4 ቀን በኋላ ከንፈሩን በድንጋይ ወይም በእንጨት እያሻሸ ያስለቅቀዋል። ወደ ፊት ሲሳብ ቆዳው ከእግር እንደሚወልቅ ካልሲ እየተገለበጠ ወደ ጅራቱ ይቀራል። ገለፈቱ ላይ ከውጭ በኩል የሚያዩት ቀድሞ ውስጡ የነበረው ነው።

የሚያድግ ጫጩት እባብ ገለፈቱን ቶሎ ቶሎ ይጥላል። የደረሰውም ማደጉ ቢቀንስ እንኳ አይተውም፤ ያረጀ፣ የተቧጠጠ ቆዳውን ይተካበታል፣ የተጣበቁ ጥገኛ ነፍሳትንም ያራግፍበታል። በዓመት ስንት ጊዜ የሚለው እንደ ሙቀቱ፣ እንደ ምግቡና እንደ ዝርያው ይለያያል።

እባቡ እዚያው አለ? ገለፈቱ ብቻውን አይነግርዎትም። የተጣለ ዕለት እርጥብና ልስልስ ነው፤ በሰዓታት ይደርቃል፣ ጣሪያ ሥር ደርቆ ከቀረ ደግሞ ወራት ይቆያል። ልስልስ ሆኖ ካገኙት እባቡ ቅርብ ነው ብለው ይጠንቀቁ። ደርቆ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ እባቡ በዚያ በኩል ማለፉን እንጂ አሁን የት እንዳለ አያሳይም። ርዝመቱም አያስደንግጥዎት፤ ሲወልቅ በቅርፊቶቹ መሐል ያለው ስስ ቆዳ ስለሚለጠጥ ገለፈቱ ከእባቡ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይረዝማል። የእርስዎ 1 ሜትር ከ30 ያለው እባብ 1 ሜትር ከ10 አካባቢ ሊሆን ይችላል።

ዓይነቱን ለመገመት ሦስት ቦታ ይመልከቱ፤ በእንጨት ገልብጠው፣ በጓንት ወይም በፕላስቲክ ይዘው። ከጀርባው የአንዱን ቅርፊት መሐል ይዩ፦ ርዝመቱን የሚያልፍ ጎላ ያለ መስመር ካለው ሻካራ ቅርፊት ነው፣ እፉኝት እንዲህ ነው። ከሌለው ለስላሳ ነው። ከዚያ የጭንቅላቱን አናት ይዘርጉ። የእፉኝት አናት በጥቃቅን ቅርፊቶች የተሞላ ነው፤ ትላልቅ ሰፋፊ ቅርፊቶች ካሉት እፉኝት የመሆን ዕድሉ ያነሰ ነው። እዚህ ላይ ግን ሰዎች አደገኛ ስህተት ይሠራሉ፦ ትላልቅ ቅርፊት ያለው ሁሉ መርዝ አልባ አይደለም። አይጥ የሚበላው መርዝ አልባ የቤት እባብም፣ ኮብራም አናታቸው ላይ ትላልቅ ቅርፊት አላቸው። ስለዚህ ገለፈት እፉኝትን ለመለየት ይረዳል፣ «ምንም አያደርግም» ለማለት ግን አይበቃም። ሦስተኛው ውፍረቱ ነው፦ ለርዝመቱ በጣም ሰፊ የሆነና ጅራቱ ድንገት የሚያጥር ገለፈት የእፉኝትን ወገን ያጠናክራል። የዓይኖቹ ሁለት ክብ ብርጭቆ መሰል ቅርፊቶች በገለፈቱ ላይ መኖራቸውንም ይዩ፤ ካሉ በደህና ወልቋል። አየሩ በሚደርቅበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ወቅት ገለፈት ተቆራርጦ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ እርጥበት ሲያጣ ሁለቱ ንጣፎች ደህና አይላቀቁም።

በቁርጥራጭ የሚገኝ ሁሉ የእባብ አይደለም። እንሽላሊትና እስስት በተፈጥሯቸው በቁራጭ ይጥላሉ፤ ብዙ የቤት እንሽላሊት ደግሞ የጣለውን ራሱ ስለሚበላው አይገኝም።

እባቡን ፍለጋ አይቆፍሩ። ወደ ጎተራው ያመጣው አይጥ ነው፤ ጥላና እርጥበትም ሳያገኝ አልቀረም። የፈሰሰውን እህል ይጥረጉ፣ ጎተራውን ከመሬት ከፍ ያድርጉ፣ የማገዶ ክምሩንና የድንጋይ ካቡን ከግድግዳው ያርቁ፣ የአይጥ ቀዳዳውን በጭቃና በድንጋይ ይድፈኑ። ልጆች በባዶ እግር በሌሊት እንዳይወጡ፣ ማገዶ ሲነሳም በእንጨት ተነካክቶ እንዲሆን ያድርጉ። ድንገት ቢነድፍ መቁረጥ፣ መምጠጥ፣ በገመድ ጠፍሮ ማሰር ጉዳት ይጨምራል፤ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ፣ ቀለበትና ጠባብ ልብስ አውልቆ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው። ገለፈቱን ለመድኃኒት ማስቀመጥ የሚሉ ካሉ ይተዉት። በእባብ ቆዳ ላይ ሳልሞኔላ የሚባል ተቅማጥ የሚያመጣ ተህዋስ ሊኖር ስለሚችል ነክተውት ከሆነ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

ዶሮዎቹን ለማረድ አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ ላባቸውን ገልጠው ቆዳቸውን ይመልከቱ። ላባው በረገፈበት ቦታ ጫፋቸው የተጠቀለለ፣ እሾህ የመሰሉ አዳዲስ ላባዎች ብቅ ካሉ ላባ እየቀየሩ ነው። ልክ ሆኖ ሲሄድ ከጭንቅላትና ከአንገት ይጀምራል፣ ወደ ደረትና ወደ ጀርባ ይወርዳል፣ ክንፍና ጅራት መጨረሻ ላይ ናቸው። ላባ ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ስለሆነ ሰውነቷ ለእንቁላል የሚያውለውን ወደዚያ ያዞረዋል፤ እንቁላል ማቆሟ ሕመም አይደለም። ከሐሩር ክልል ወጣ ባሉ አገሮች ላባ መቀየርን የሚቀሰቅሰው የቀን ማጠር ነው። በእኛ ኬክሮስ ግን ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በ1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቀስቃሹ የመኖ ወይም የውሃ መቋረጥ፣ ሙቀት ወይም መታቀፍ ነው። ከመርገፉ ሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት ምን እንደተለወጠ ያስታውሱ።

ሂደቱ ከ2 እስከ 4 ወር ይወስዳል። የትኛዋን እንደሚያቆዩ ለመወሰን ክንፏን ይዘርጉ፦ ከ10ሩ የክንፍ ጫፍ ረጃጅም ላባዎች 2 ወይም 3 በአንዴ የጣለች ዶሮ ቶሎ ጨርሳ ወደ እንቁላል ትመለሳለች። አንድ በአንድ የምትጥለው ትቆያለች፤ አንዱ ላባ ብቻ ሙሉ ሆኖ እስኪያድግ 6 ሳምንት ገደማ ይፈጃልና። መኖውን ከ16 እስከ 18 በመቶ ፕሮቲን ወዳለው ያሳድጉ፤ ከቤት መኖ ጋር የኑግ ፋጉሎ፣ ከተገኘም የዓሣ ዱቄት መጨመር ይጠቅማል። በዚህ ጊዜ አይያዟቸው፤ አዲሱ ላባ ውስጡ ደም ስላለው ቢሰበር ይደማል፣ ደሙን ያዩ ሌሎች ዶሮዎችም ይነክሷታል።

እሾህ መሰሉ አዲስ ላባ ጨርሶ ከሌለ ሌላ ምክንያት ይፈልጉ። በመቀመጫዋ ዙሪያ በላባው ሥር የተጠራቀመ ነጭ የእንቁላል ዘለላ ቅማል ነው። ጀርባዋ ብቻ ተልጦ ቁስል ካለ እርስ በርስ እየተነካከሱ ነው፤ ቦታው ጠቦ ወይም መኖው አንሶ ይሆናል። ዶሮዋ ከደበተች፣ አንገቷ ከተጣመመ ወይም አረንጓዴ ተቅማጥ ካላት ግን ፈንግል ሊሆን ስለሚችል ከሌሎቹ ለይተው በዚያው ቀን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጥሩ።